ኩታኒ ወይስ ቢዜን? የጃፓን ጠባቂ አንበሳ ለሚገዙ

ጥንታዊ የጃፓን ሸክላ አንበሳ ለመግዛት ያሰቡ ወዳጆቼ ከሁለቱ የጃፓን ሸክላ ዓይነቶች ኩታኒ ይሻላል ወይስ ቢዜን እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ መልሴን ከነምክንያቱ ጽፌዋለሁ። ምርጫዬ ቢዜን ነው፤ ወደዚህ ያደረሰኝም በ640 ዶላር የገዛሁት የኩታኒ ጥንድ ነው።

በጃፓን ኢሺካዋ ግዛት የሚሠራው ኩታኒ አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ሐምራዊውና ወርቁ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ያው ቀለም ስብራትንም ይሸፍናል። አንበሶቹን ለብ ባለ ውኃ ሳብስ የአንደኛው ግራ ጆሮ ወርቅ ጨርቁ ላይ ቀረ፤ ከሥሩም ነጭ ማጣበቂያ ብቅ አለ። ጠጋኝ 180 ዶላር አስከፍሎኝ ወጪዬ 820 ቢደርስም፣ ዛሬ 300 የሚሰጠኝ ገዢ አላገኘሁም። ሻጩ «150 ዓመት ያለፈው ነው» ብሎኝ ነበር፤ ከሥሩ ግን በላቲን ፊደል «ጃፓን» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። አሜሪካ ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የአገሩን ስም እንዲይዝ ስላስገደደች፣ ከ1921 በኋላም «ኒፖን» የሚለው የአገሩ ጃፓንኛ ስም በ«ጃፓን» ስለተተካ፣ ያ ጽሑፍ ዕድሜውን አጋልጦታል።

በኦካያማ ግዛት፣ ኢምቤ በተባለ ቦታ የሚሠራው ቢዜን በአንጻሩ አንጸባራቂ ልባስ ሳይቀባ ለብዙ ቀናት በእንጨት እሳት ይተኮሳል። በቡናማው ገላው ላይ የሚታየውን ጥላ የተዉት አመድና ነበልባል ስለሆኑ፣ ስብራቱን አጣብቆ ያንኑ መልክ ማስመሰል ይከብዳል። በጥፍር ሲመቱት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተጠገነው ግን ድምፁ ይታፈናል። እኔ ትንሽ ጥንድ በ450 ዶላር ስገዛ የአንዱ ጭራ ጫፍ ተሸርፎ ስለነበር 70 ዶላር ተቀንሶልኛል፤ ጉድለቱ በግልጽ ይታይ ነበርና መከራከር አላስፈለገም። እርግጥ ቢዜንም ይመሰላል፤ የጫማ ቀለም የተቀባ አዲስ ሸክላ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ሲነካው ያጋልጠዋል።

ትርጉሙም ከዋጋው ጋር ይያያዛል። በሺንቶ (የጃፓን ነባር ሃይማኖት) መቅደስ ደጅ የሚቆሙት ጥንዶች አንዱ አፉን ከፍቶ «አ»፣ ሌላው ዘግቶ «ኡን» ይላል፤ ከሳንስክሪት የመጡ የመጀመሪያና የመጨረሻ ድምፆች ናቸው፣ ለእኛ «ከሀ እስከ ፐ» እንደ ማለት። በጥንቱ ልማድ ኮማይኑ የሚባለው አፉን የዘጋው ባለ ቀንዱ ሲሆን፣ አፉን የከፈተው አንበሳ ነው። ስለዚህ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው «ጥንድ» ተብለው ቢቀርቡልዎ፣ ከሁለት የተለያዩ ጥንዶች የተረፉ ሊሆኑ ይችላሉና የጥንድ ዋጋ አይክፈሉ። ለጌጥ በነጠላ ለተሠራው የኩታኒ አንበሳ ይህ አይሠራም፤ እሱንም ቢሆን ጆሮውን ሳልነካ አልገዛም።