እናቴን በክብር ሐረርን ላስጎበኘች እህት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ድሬዳዋ የምትኖሩ፣ በተለይም ከመሃል አገር ወይም ከውጭ እንግዳ እየመጣባችሁ «ሐረርን አሳየን» የምትባሉ ሰዎች፣ ይህን ጽሁፍ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ጀጎልን፣ ማለትም በግንብ የታጠረውን የሐረርን አሮጌ ከተማ፣ ጠንቅቃ የምታውቅ፣ ሰው የምታከብር፣ የተናገረችውን ዋጋ የማትለውጥ አስጎብኚ አግኝቻለሁ። የሐረር ልጅ ናት፤ ፈቃድ ያላት ባለሙያ ናት። ፈጣሪ እድሜና ጤና ይስጥልኝ!

ምስጋናዬ ለምን እንዲህ እንደበዛ እንዲገባችሁ የቀድሞውን ምሬቴንም ልናገር። ከዚህ በፊት እንግዳ ይዤ ወደ ሐረር በወጣሁ ቁጥር ተናድጄ ነበር የምመለሰው። መኪናው ገና ሳይቆም በመስኮት ተንጠላጥሎ «እኔ ነኝ የማስጎበኛችሁ» የሚል አለ። ጠዋት የተስማማበትን ዋጋ ከሰዓት በኋላ «እሱ እኮ ለአንድ ሰው ነው» ብሎ የሚክድ አለ። አንዱማ የአጎቴን ልጆች ቀኑን ሙሉ ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲያዞራቸው ዋለና ሙዚየሙ ጋ ሲያደርሰን በሩ ተዘግቶ ነበር። ስለ ግንቡ ብጠይቀው «የድሮ ነው» አለኝ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ከተማ ግንብ «የድሮ ነው» ተብሎ ታለፈ! የተከፈለው ገንዘብ ብዙም አላንገበገበኝም። ያንገበገበኝ እንግዶቼ ምንም ሳያዩ «ሐረርን አየን» ብለው መሄዳቸው ነው። ማን እንደሆኑ አልጠቅስም፤ እንጀራቸው ነው፤ ግን ከልቤ አዝኜባቸዋለሁ።

እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኔ ዘንድ ሰነበተች። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በወጣትነቱ ሐረር አስተምሮ ነበር። ስለ በሮቹ፣ ስለ ቡናው፣ ሌሊት ስለሚገቡት ጅቦች ሲያወራላት ኖሮ እሷ ግን አንድም ቀን አላየችውም። አሁን ጉልበቷ ታሟል፤ ትንሽ ስትራመድ መቀመጥ ትፈልጋለች። በደንገጎ አቀበት ወጥቼ፣ እነዚያ ጠባብ መንገዶች ውስጥ አስገብቼ ላሰቃያት ነው ብዬ ሠጋሁ። ይህችን እህት የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እሷንም አመሰግናለሁ።

ገና በስልክ ስንነጋገር ልዩነቱ ታወቀኝ። ዋጋዋን ነገረችኝ፤ የሙዚየሞቹን መግቢያ ለብቻው አስረዳችኝ። ቀጥላ «እማማ ጾም ላይ ናቸው?» አለችኝ፤ ምሳውን አስቀድማ ልታዘጋጅ ነው። «የሚብስባቸው ዳገቱ ነው ቁልቁለቱ?» ብላም ጠየቀች። እኔ ልጇ ሆኜ ይህን ጠይቄያት አላውቅም። እናቴ ቁልቁለቱ እንደሚብስባት ስትናገር፣ ባጃጅ ይዛ በታችኛው በኩል አስገባችንና ቀስ እያልን ሽቅብ ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ እንድንሄድ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ቀየረችው። በየመሃሉ መቀመጫ ነበረ። ልብስ ሰፊዎቹ ካሉበት፣ «መኪና ግርግር» ከሚባለው መንገድ ስንደርስ አንዱ ሰፊ ከስፌት መኪናው ተነስቶ ወንበሩን ሰጣት። መጸዳጃ ቤት ስታስፈልጋት እናቴ ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ፣ ያቺ ልጅ ጆሮዋ ላይ ጠጋ ብላ የምታውቀው ሰው ቤት ይዛት ገባች። ሽማግሌ ወላጅ ይዞ የሄደ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል።

ከሁሉም የማልረሳው የራምቦ ቤት ነው። በፊት የወሰዱን ሰዎች ፈረንሳዊው ባለቅኔ የተኛበትን ክፍል ሳይቀር ያሳዩን ነበር። እሷ ግን ቤቱን ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ መሆኑን፣ ራምቦ እዚያ ለመኖሩ ማስረጃ አለመኖሩን ፊት ለፊት ነገረችን። እናቴን አስቀምጣ ታሪኩን አጫወተቻት። እ.ኤ.አ. በ1880 ለንግድ ሐረር እንደመጣ፣ ቡናና ቆዳ ይነግድ እንደነበር፣ በ1891 ቀኝ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው 16 ተሸካሚዎች በቃሬዛ በበረሃው አቋርጠው እስከ ዘይላ ወደብ እንዳደረሱት፣ ማርሴይ ሲደርስ እግሩ እንደተቆረጠ፣ በዚያው ዓመት በ37 ዓመቱ እንደሞተ። እናቴ የራሷን ጉልበት ይዛ «ወይኔ ልጄን! እናት አልነበረችውም?» አለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ስንቱ አስጎብኚ ይመልሳል? እሷ ወዲያው «ነበረችው እማማ፤ ሆስፒታል ድረስ ሄዳ አይታዋለች። እህቱ ደግሞ እስኪሞት አልተለየችውም» አለቻት። እናቴ «እሰይ፣ ብቻውን አልሞተም» ብላ ተነሳች። እስከ ማታ ድረስ ስለዚያ ልጅ ስታወራ ነበር።

ከምሳ በኋላ አንድ የሐረሪ ቤት አስገባችን። ግድግዳው ሙሉ በስፌትና በሳህን ያጌጠ፣ ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫ መደቦች በቀይ የተቀቡ ነበሩ። ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁት መታሰቢያ ነው ይባላል። የቤቱ እመቤት ለእናቴ ትራስ ደራርበውላት እንደ እህትማማች ተጨዋወቱ። ስለ ቤቱ አሠራር ብዙ ተብራርቶልን ነበር፤ ያንን ከእሷ አንደበት ብትሰሙት ይሻላል። ከዚያ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ወሰደችን። ልጅቱ ሙስሊም ናት። የእናቴን ቦርሳና መቋሚያ ያዘችላት፤ ተሳልማ እስክትወጣ ደጅ ቆማ ጠበቀቻት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓቷን አላየችም።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅቦቹ ሲመገቡ አየን። እናቴ እንድትቀርብ ማንም አላስገደዳትም፤ ከመኪናው ሳትወርድ በመብራቱ እንድታይ ተደረገ። የአባቴ ወሬ እውነት እንደነበረ በዓይኗ አየች።

በመጨረሻ የዝሆኖች መጠለያ ስላለባት ስለ ባቢሌ ጠየቅኋት። የዳካታን ተደራርበው የቆሙ ድንጋዮች በደስታ እንደምታሳየን፣ ዝሆኖቹን ግን በቀላሉ ማየት እንደማይቻል፣ «ዝሆን አሳያችኋለሁ ብዬ ገንዘባችሁን አልበላም» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። እንዲህ የምትል ባለሙያ እንዴት አልጠቁም? የከፈልናትም መጀመሪያ በስልክ የተነጋገርነውን ነው፤ አንዲት ሳንቲም አልጨመረችም።

ወገኖቼ፣ እንግዳ ሲመጣባችሁ በር ላይ ላገኛችሁት ሰው አትስጡት። በተለይ እናትና አባታችሁን፣ አያቶቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ፣ እሷን ያዙ። ደግሜ እላለሁ፣ እሷን ያዙ! ስሟንና ስልኳን ሳላስፈቅድ እዚህ መጻፍ አልፈለግሁም፤ በመልእክት ጠይቁኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ እልካለሁ። ቀደም ብላችሁ ደውሉላት፤ የሚሄደው ሰው ጤናው እንዴት እንደሆነ፣ ጾም መኖሩንም ንገሯት። ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው የምትገኘው።