ለቆየች መኪና የትኛው የቫኪዩም ጎማ ይገዛ? ሲሊኮን፣ ጥቁር ጎማ፣ የነዳጅ ጎማ ወይስ ያገለገለ ኦርጅናል

ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ ውጭ ያደረች የቆየች ኮሮላ በህዳርና በታህሳስ ብርድ ስትነሳ ሚኒሞዋ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ዝቅ እያለ ከተንቀጠቀጠች፣ አስር ደቂቃ ሄዳ ስትሞቅ ደግሞ ምንም እንዳልነበረባት ከሆነች፣ ቀድሞ የሚጠረጠረው ደርቆ የተሰነጠቀ የቫኪዩም ጎማ ነው፤ ይህ የሞተሩን የመሳብ ኃይል ወደ ተለያዩ ክፍሎች የሚያደርስ የጎማ ቱቦ ነው። በብርድ ጎማው ይኮማተርና ስንጥቁ ይከፈታል፤ በዚያ የሚገባው አየር የአየርና የቤንዚን ድብልቁን ያሳሳዋል። በጭስ ማውጫው ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር እስኪሞቅ ድረስ ኮምፒውተሩ ይህን አያስተካክልም። የካርቡራተር መኪና ላይ ደግሞ የሚያስተካክል ነገር ጭራሽ የለም።

ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ግን አረጋግጡ፤ ሚኒሞ ቫልቩ በካርቦን ሲዘጋ ወይም የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ሲበላሽም መኪናዋ እንዲሁ ታደርጋለች። ፍተሻው ሞተሩ ሳይሞቅ ጠዋት ይሁን፣ ሲሞቅ ስንጥቁ ይገጥምና ይደበቃል። በመርጫ ጠርሙስ ንጹህ ውሃ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ጫፍና ወደ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል) ጋስኬት በጥቂቱ ንፉ፤ ካንዴላ ገመዶቹንና ዲስትሪቢዩተሩን አታርጥቡ። ውሃው ሲነካው የሞተሩ ድምፅ የተለወጠበት ቦታ ላይ ነው አየሩ የሚገባው። ቤንዚን መርጨት የለመዱ አሉ። እባካችሁ ተዉት፣ በአንዲት የካንዴላ ብልጭታ መኪና ይቃጠላል።

የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚለካውን የቫኪዩም ጌጅ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከፍታውን አስቡ። የጥገና መጽሐፎች ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ18 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) ያሳያል የሚሉት ለባህር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ 2,700 ሜትር አካባቢ ባለችው ሱሉልታ ከ9 እስከ 12 ኢንች ካነበበና መርፌው ካልተንቀጠቀጠ ሞተሩ ደህና ነው። ይህን ሳያሰሉ «ሞተሩ ደክሟል» ብሎ ማስወረድ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ጎማ የለም፤ የሚወስነው በውስጡ የሚያልፈው ነገር ነው።

ሲሊኮን በቀለሙም በልስላሴውም ገዢ ይስባል፣ ለቀጫጭኖቹ የአየር መስመሮችም በእርግጥ ጥሩ ነው። ሙቀት አያደርቀውም፣ በውርጭም አይደነድንም። ችግሩ ዘይትና ቤንዚን አይችልም፤ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ የቤንዚን እንፋሎትም ያሳልፋል። ከሞተሩ ክዳን የዘይት ጭስ በሚወስደው ጎማና የቤንዚን እንፋሎት በሚይዘው የከሰል ቆርቆሮ መስመር ላይ አይግባ። ሲገዛም ግድግዳው ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍር፤ ስስ ከሆነ መታጠፊያው ላይ ይጨፈለቅና ቫኪዩሙ ይዘጋል። ስለት ከነካውም ቶሎ ይቀደዳል።

ኢፒዲኤም የሚባለው ጥቁር ጎማ የብዙ መኪና ፋብሪካ ምርጫ ነው። በተራ የአየር መስመር ላይ ከሲሊኮን ባይተናነስም ዘይት ላይ እሱም ይሸነፋል። ለአብዛኛው ገዢ እኛ የምንመክረው ይሄንን ነው። ኮፒው ግን በዝቷል፤ ቁራጩን በሁለት ጣት መሃል አጥፋችሁ ውጭውን ተመልከቱ። ወዲያው ነጣ የሚል ወይም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ የሚያሳይ ከሆነ አንድ ክረምት አይሻገርም።

የነዳጅ ጎማ ዘይትና ቤንዚን ይችላል፤ ቦታው እነዚያው ሲሊኮን የማይገባባቸው መስመሮች ናቸው። ለትንንሽ የቫኪዩም ኒፕሎች (ጎማው ለሚሰካባቸው ጫፎች) ግን ደረቅ ነው፣ ጥብቅ ብሎ አይዝም። የዘይት ጭሱ መስመር ከፋብሪካው የተጠማዘዘ ከነበረ፣ ቀጥ ያለ ጎማ በግድ ማጠፍ አያስኬድም፤ ቅርጽ ያለውን ፈልጉ።

ሶማሌ ተራ የሚገኘው ያገለገለ ኦርጅናል ዋናው ጥቅሙ ይኸው ቅርጽ ነው። ዕድሜው ግን የእናንተው መኪና ዕድሜ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት በአዲስ መርፌ አልባ ሲሪንጅ ፈትኑት፦ አንዱን ጫፍ በጣት ድፈኑ፣ ሌላው ላይ ሲሪንጁን ሰክታችሁ ሳቡ፣ አምስት ሰከንድ ያዙና ልቀቁ። ፒስተኑ ራሱ ከተመለሰ ጎማው ይዟል፤ በሳባችሁት ቦታ ከቀረ አየር ያስገባል። ወፍራም ጎማ ላይ ሲሪንጁ ስለማይገጥም በማጠፍ ብቻ ፈትኑ። የደነደኑትን ጫፎች አንድ ሴንቲ ሜትር ቆርጦ መግጠም ይቻላል፣ ርዝመቱ ከተረፈ ማለት ነው። መስታወት የመሰለውን የፕላስቲክ ቱቦ ግን በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፤ በሞተር ሙቀት ይለሰልስና ይጣበቃል።

የፍሬን ሰርቮ (የፍሬን ርግጫን የሚያቀልለው ክፍል) ጎማ ላይ ድርድር የለም። በጨርቅ የተጠናከረ፣ ለሰርቮ ተብሎ የተሰራ፣ አዲስ መሆን አለበት። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭም ወደ ቀድሞው አቅጣጫ ይመለስ፤ አየር ወደ ሞተሩ እንጂ ወደ ሰርቮው አይፈስም።

ልኩን በአይን አትገምቱ። የውስጥ ስፋቱ ከኒፕሉ በግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይጥበብ፤ ብዙ ጊዜ የሚፈለጉት 3፣ 4 እና 6 ሚሊ ሜትር ናቸው። ርዝመቱን በክር ለክታችሁ ትንሽ ጨምሩ።

ስትቀይሩ መጀመሪያ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ አንድ አውጥታችሁ አንድ ግጠሙ፤ ሁሉንም ነቅሎ መደርደር ነው መስመር የሚያቀያይረው። የደረቀውን ጎማ አትጎትቱ፣ የፕላስቲክ ኒፕሉ ይሰበራል። በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ላጡት። አዲሱን በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር አስገቡ፤ ግሪስ ጎማውን ይበላዋል። ወደ ማፕ ሴንሰር (በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊት ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) የሚሄደውን ጎማ በተለይ ተጠንቀቁ፦ እሱ አየር ሲያስገባ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ከባድ ጭነት ላይ ያለ ይመስለውና ቤንዚን ያበዛል፣ ጭሱም ይጠቁራል።

ሰርቮውን ነክታችሁ ከነበረ ከግቢ ሳትወጡ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬኑን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡ፣ ረግጣችሁ እንደያዛችሁ አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች መውረድ አለበት። ካልወረደ መኪናዋ አትንቀሳቀስ።