ኬንያ፦ የ8ቱ ክፍላተ ሀገርና የ47ቱ ካውንቲዎች አስተዳደር

የቀድሞዋ ኬንያ በ8 ክፍላተ ሀገር ተከፍላ ነበር የምትተዳደረው። የእያንዳንዱ ክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ማለትም ኮሚሽነሩ በፕሬዚዳንቱ ስለሚሾም ተጠሪነቱ ለሾመው እንጂ ለነዋሪው አልነበረም። በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ማንዴራ ያለ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ቢያልቅበት ዓይኑ ናይሮቢን ነበር የሚያየው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህን ከሥሩ ለወጠው። 47 ካውንቲዎች ማለትም የራሳቸው አስተዳደር ያላቸው አካባቢዎች ተቋቋሙ፤ ከ2013 ምርጫ ጀምሮም ገዥውንም ምክር ቤቱንም የሚመርጠው ሕዝቡ ራሱ ሆነ። ከብሔራዊው ገቢ ቢያንስ 15 በመቶው ለካውንቲዎች መከፋፈል አለበት፤ ጥቅማቸውን የሚያስጠብቅ ሴኔትም አላቸው። ከካውንቲዎቹ አንዱን፣ ማኩዌኒን እንይ፦ አንድ ቤተሰብ በዓመት 500 ሽልንግ ከፍሎ በካውንቲው ሆስፒታሎች እንዲታከም ያደረገው ካውንቲው ነው። በድሮው አሠራር እንዲህ ያለው ውሳኔ ከአካባቢው ሊወጣ አይችልም ነበር።

ድሮ የነበረው ብልጫ የሐኪሞች ቅጥርና ደመወዝ በአንድ እጅ መሆኑ ነው። ዛሬ ገንዘቡ ከግምጃ ቤት ሲዘገይ ደመወዝም ይዘገያል፤ የጤና ባለሙያዎች አድማ ይመታሉ። ሙስናውም ቢሆን ከሥልጣኑ ጋር አብሮ ወደ ካውንቲዎቹ ገብቷል፤ በሙስና የተከሰሱ ገዥዎች ጥቂት አይደሉም። እንደዚያም ሆኖ እኔ ካውንቲውን እመርጣለሁ። ያልሠራን ገዥ ሕዝቡ በ5 ዓመቱ በድምፁ ያወርደዋል፤ ኮሚሽነሩን ግን ከፕሬዚዳንቱ በቀር የሚያነሳው አልነበረም።