ፈረንሳይ መኪና ልትከራዩ ነው? የ«ሙሉ ኢንሹራንስ»ን ነገር ስሙኝ

በሎዋር ሸለቆ ከግንብ ግንብ እየዞራችሁ፣ በየመንደሩ ወይን እየቀመሳችሁ ለመሰንበት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መኪናውን ከመያዛችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ ተበልቼ ነው የተመለስኩት።

የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። ለሰባት ቀን ፈቃድ ወጣንና መኪና ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ዋጋ የሚያወዳድር አንድ የደላላ ድረ ገጽ ለሳምንት 189 ዩሮ ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ሙሉ ኢንሹራንስ፣ 63 ዩሮ»። ጨመርኩበት። 252 ዩሮ ከፍዬ፣ በቃ አለቀ ብዬ ተኛሁ።

ከፓሪስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ቱር ከተማ አጠገብ ወረድን። የመኪና አከራዩ ባንኮኒ ላይ ያለው ልጅ ወረቀቴን አየና «ይሄ ኢንሹራንስ የእኛ አይደለም» አለኝ።

ለካ ደላላው የሸጠልኝ ሌላ ነገር ኖሯል። መኪናው ቢጎዳ መጀመሪያ እኔ ለአከራዩ እከፍላለሁ። ከዚያ ወረቀት ሰብስቤ ደላላውን «መልስልኝ» እላለሁ። አከራዩ ስለዚህ ጉዳይ አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። እሱ የሚፈልገው ለመያዣ 1,400 ዩሮ ካርዴ ላይ ማገድ ነው። ያውም ዴቢት ካርድ አይቀበልም፤ በሾፌሩ ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ ብቻ። የእኔ ካርድ ጣሪያው 1,000 ነው። የባለቤቴ ይበቃ ነበር፤ እሷ ግን ውሉ ላይ የለችም።

ልጁ ፈገግ አለ። «የእኛን ኢንሹራንስ ከወሰዱ መያዣው 300 ብቻ ይሆናል። በቀን 29 ዩሮ።» ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ባለቤቴ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ዝም ብላለች፤ ያ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ያገባ ያውቀዋል። ፈረምኩ። የ189 ዩሮዋ መኪና 455 ገባች።

መኪናዋን የሰጡን ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ገና ታጥባ ውሃ ይንጠባጠባል፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው። ወረቀቱ ላይ የመኪና ሥዕል አለ፤ የቀድሞ ጭረቷን ለማሳየት የኋላ መከላከያው ላይ ሁለት ትንንሽ የኤክስ ምልክት ተደርጎበታል። ዞር ዞር ብዬ አየሁና እሱንም ፈረምኩ። ጅልነቴ እዚህ ላይ ነው።

ጉዞውን ግን አልዋሽም፣ ግሩም ነበር። የጎንደር ልጅ ስለሆንኩ ግንብ ብርቄ አይደለም ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ሻምቦር ግን አፌን አስያዘኝ። ንጉሥ ፍራንስዋ ቀዳማዊ በ1519 ያስጀመረው ነው። መሃሉ ላይ ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች እርስ በርስ ተጠላልፈው ይወጣሉ። ባለቤቴ በአንዱ፣ እኔ በሌላው ወጣን። በመስኮቶቹ እንተያያለን፣ እስከ ላይ ድረስ ግን አንገናኝም። ቩቭሬ የሚባለው የወይን መንደር ደግሞ ወይኑን ድንጋይ ፈልፍለው በሠሩት ዋሻ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። እሷ ጠጣች፣ እኔ ባልዲ ውስጥ ተፋሁ። የሕጉ ወሰን በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፣ ለአዲስ መንጃ ፈቃድ ደግሞ 0.2፤ ሾፌር ከሆናችሁ ዕጣችሁ ባልዲው ነው። ነዳጅ ስትቀዱም «ጋዞል» የሚለው ናፍጣ ነው፣ እንዳትሳሳቱ።

እሁድ ማታ ስንመለስ ቢሮው ዝግ ነው። ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ጣልኩና ወደ ባቡሩ ሮጥን። በአራተኛው ቀን ኢሜይል መጣ። የፊት ቀኝ ቸርኬ ተጭሯል፣ 340 ዩሮ፤ ለጉዳዩ ማስፈጸሚያ 45። ገንዘቡን ከካርዴ ቆርጠውታል። በቀን 29 የከፈልኩበት ኢንሹራንስስ? ጎማ፣ ቸርኬ፣ መስታወትና የመኪናው ሆድ አይመለከተውም ተባልኩ። ውሉ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፣ እውነት ነው።

እሺ፣ ያቺ የ63 ዩሮዋ ትክፈል አልኩ። ደላላው የጥገና ደረሰኝ አምጣ ይላል። አከራዩ ደረሰኝ አንሰጥም፣ የእኛ ዋጋ በሠንጠረዥ ነው ይላል። ልክ እንደ ሻምቦር ደረጃ፣ ሁለቱ ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም። መሃል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ እናንተ ስትሄዱ፣ መጀመሪያ ውሉ ላይ «ፍራንሺዝ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። አጠገቡ ያለው ቁጥር ጉዳት ሲደርስ ከኪሳችሁ የሚወጣው ነው። የደላላው «ሙሉ ኢንሹራንስ» እሱን ቁጥር አንድ ሳንቲም አይቀንሰውም። ከአከራዩ በቀጥታ መያዝ ትንሽ ቢወደድም ቢያንስ የምትከራከሩት ከአንድ ሰው ጋር ነው። የካርዱን ነገር ከመሄዳችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቁና መልሱን ያዙ። መኪናዋን ብርሃን ወዳለበት አውጧትና አራቱንም ቸርኬ አንድ በአንድ ፎቶ አንሱ። ስትመልሱ ቢሮው ክፍት በሆነበት ሰዓት ይሁን፤ አይተው ካልፈረሙላችሁ ቁልፉን አትስጡ። የፍጥነት ካሜራም አለ፤ የገጠሩ መንገድ በአብዛኛው 80 ነው። ቅጣቱ ለብቻው ይመጣል፣ አከራዩ ስማችሁን ለፖሊስ ስለሰጠ ብቻ ደግሞ የራሱን ይቆርጣል።

ደላላው ትናንት እንደገና ጻፈልኝ። አሁን ደግሞ መኪናዋን ስረከብ ቸርኬው ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ፎቶ ይፈልጋል። ከጉዞው 300 ምናምን ፎቶ አለኝ፤ ማታ አንድ በአንድ አየኋቸው። መኪናዋ ያለችበት አንድ ብቻ ነው፣ የመጀመሪያው ቀን። ባለቤቴ የፊቱን በር ተደግፋ ትስቃለች። ቸርኬውን ቀሚሷ ሸፍኖታል።