ባንኮክ ውስጥ «አይሆንም» ላሉን ሦስት ሰዎች ምስጋና

ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው። የምናመሰግናቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ፣ ሱኩምቪት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከናና ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ የምትሠራ ፋርማሲስት፣ ትልቅ የግል ሆስፒታል ውስጥ የሚያስተረጉም የአገራችን ልጅ፣ እና እዚያው ሰፈር የጾም ምግብ የሚሸጡ እናት። ሳይፈቅዱ ስማቸውን አደባባይ ማውጣት ነውር ስለሆነ አንጽፈውም። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው ነገር ገንዘቡን በእጁ ይዞ የመጣን ሰው «አይሆንም» ማለታቸው ነው። የእነሱን ዓይነት ሰው በሌላ ሰፈርም እንድታገኙ ምን እንደሚከለክሉና ለምን እንደሆነ በዝርዝር እንጻፍ።

ከፋርማሲስቷ እንጀምር። ባንኮክ ውስጥ በየሶዩ፣ ማለትም ከዋናው ጎዳና በሚገባው በየቅያሱ፣ መድኃኒት ቤት አለ። አንቲባዮቲክን ጨምሮ ብዙው መድኃኒት ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል። ለእንግዳ ሰው የተመቸ ይመስላል፤ ጣጣውም ከዚያው ይጀምራል። ታይላንዶች አንቲባዮቲክን በተለምዶ «ያ ኬ አክሴፕ» ይሉታል፤ ቃል በቃል ሲፈታ «የብግነት መድኃኒት» ነው። ጉልበቱ ያበጠበት ሰው በስልኩ አስተርጉሞ «ለብግነት» ብሎ ቢጠይቅ አሞክሳሲሊን ተሸክሞ ሊወጣ ይችላል። እሷ ግን የመድኃኒት ስም ከመስማቷ በፊት የት እንደሚያም፣ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ሌላ ምን እንደምትወስዱ ትጠይቃለች። ለተራ ጉንፋን አንቲባዮቲክ ብትለምኗትም አትሸጥላችሁም።

ትልቁ ክልከላዋ ትኩሳት ላይ ነው። ትኩሳት ላለበት ሰው ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን አትሰጥም። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ሲያተኩሰውና ሲቆረጣጥመው ቶሎ የሚጠረጥረው ወባን ወይም ታይፎይድን ነው። ባንኮክ ከተማ ውስጥ ወባ አይተላለፍም፤ ዴንጌ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ፣ በዝናቡ ወራት ደግሞ ይበረታል። የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ነው የምትናከሰው፤ አጎበር ብቻውን አያድንም። ዴንጌ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕሌትሌት ስለሚያወርድ እነዚያ ማስታገሻዎች የመድማት አደጋውን ያባብሳሉ። ዳይክሎፌናክ እኛ ዘንድ ለወገብም ለጥርስም የሚዋጥ ስለሆነ ብዙ ሰው ከሻንጣው ያወጣዋል፤ ትኩሳት ካለ እዚያው ሻንጣው ውስጥ ይቆይ። አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ፦ በቅርብ ሳምንታት ከጋምቤላ፣ ከአርባ ምንጭ ወይም ከሌላ ቆላ የመጣችሁ ከሆነ ወባውን ይዛችሁት መጥታችሁ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ የወባ ምርመራም ይጨመርላችሁ።

ለትኩሳቱ የሚፈቀደው ፓራሲታሞል ነው፤ እዚያ «ፓራ» ካላችሁ ይበቃል። አዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይወስዳል፤ በቀን ከ8 ፍሬ ማለፍ ጉበትን ይጎዳል። ጉበት የታመመ ሰው መጠኑን ሐኪም ይወስንለት። ስህተት የሚፈጠረው ቲፊ ወይም ዴኮልጀን የሚባሉትን የጉንፋን ክኒኖች አብሮ ሲወስዱ ነው፤ ሁለቱም ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። ለተቅማጥ ደግሞ «ኦ አር ኤስ» ብላችሁ ጠይቁ። ከጎኑ «ኦ አር ቲ» የሚል ተመሳሳይ ከረጢት አለ፤ እሱ ለስፖርተኛ ላብ የተሠራ ስለሆነ ስኳሩ ይበዛል፣ ተቅማጥንም ያባብሳል። ከረጢቶቹ መጠናቸው ስለሚለያይ የውኃውን ልክ ከጀርባው አንብቡ። በግምት የተበጠበጠ ኦ አር ኤስ ወይ አይረዳም፣ ወይ ጨው ይበዛበታል።

ትኩሳቱ ሁለት ቀን ካለፈው እሷ ጋር መድኃኒት የለም፤ ወደ ሐኪም ትልካለች። በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት «ኤን ኤስ ዋን» የሚባለው የዴንጌ ምርመራ ይሠራል፤ ከዚያ ሙሉ የደም ቆጠራው እየተደጋገመ ይታያል። ሰው የሚታለለው ትኩሳቱ ሲለቀው ነው። ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን፣ ሰውነት በረድ ሲል፣ አደገኛው ሰዓት ገና መግባቱ ነው። ሆድን አጥብቆ ማመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ የእጅ መቀዝቀዝ፣ መፍዘዝ ከታየ ለሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። የአምቡላንስ ስልክ 1669 ነው፤ የቱሪስት ፖሊስ 1155 ቋንቋ ለማገናኘት ይረዳል።

ወዴት እንደምትልክም እንናገር፤ ባንኮክ የመጣ ሐበሻ ሁሉ ሱኩምቪት ሶይ 3 ላይ ያለውን ቡምሩንግራድን ብቻ ነው የሚያውቀው። ጥሩ ሆስፒታል ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ለትኩሳትና ለጥገኛ ተሕዋስያን በሽታ ግን በማሂዶል ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሐሩር በሽታዎች ሆስፒታል ራቻዊቲ መንገድ ላይ፣ ከቪክቶሪ ሞኑመንት ባቡር ጣቢያ አጠገብ አለ፤ ሙያው ይኸው ነው። ውሻ ወይም ዝንጀሮ ለነከሰው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ራማ 4 መንገድ ላይ ወዳለው የታይ ቀይ መስቀል የንግሥት ሳኦዋባ ተቋም መሄድ ነው። የእባብ እርሻ ያለበት ግቢ ብትሉ ሁሉም ያሳያችኋል። በዕብድ ውሻ ክትባት ዓለም የሚያውቀው ቦታ ነው። የመንግሥት ሆስፒታሎች ርካሽ ናቸው፤ ዋጋው በሰልፍ ይከፈላል። ገና ሳይነጋ ተራ ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል፣ እንግሊዝኛም በየመስኮቱ አይገኝም። መካከለኛውን ለሚፈልግ በ1888 ከተመሠረተው ሲሪራጅ ጎን የዚያው ሆስፒታል የክፍያ ክፍል፣ ሲሪራጅ ፒያማሃራጃካሩን፣ አለ።

እንዲህ ያለ ፋርማሲስት እንዴት ይታወቃል? ሙያተኛ ያለበት መድኃኒት ቤት የፋርማሲስቱን ፎቶና የሥራ ሰዓት ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል፤ ፎቶው ላይ ያለው ሰው በሌለበት ሰዓት ከምክር የሚያልፍ ነገር አትግዙ። ሳይጠይቅ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ቀጣዩ መድኃኒት ቤት ሃምሳ እርምጃ አይርቅም።

አስተርጓሚያችን ሁለተኛው ባለውለታ ነው። ኢትዮጵያውያን ታካሚዎች በሚበዙባቸው የግል ሆስፒታሎች አማርኛ የሚችል አስተርጓሚ አለ ወይ ብላችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ፤ በደረሳችሁበት ቀን መጠየቅ ዘግይቷል፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ታካሚ ጋር ሊሆን ይችላል። የእሱ «አይሆንም» ከባድ ነው። ቤተሰብ «ካንሰር የሚለውን ቃል ለአባባ እንዳትነግራቸው» ሲለው አይቀበልም። ሐኪሙ ያለውን በሙሉ ይተረጉማል፣ ታካሚው ያለውንም በሙሉ ይመልሳል። እኛ ዘንድ መርዶ በሽማግሌ ነው የሚነገረው፤ ስለዚህ ቅር የሚለው አይጠፋም። መፍትሔው አስተርጓሚውን መለማመጥ አይደለም፤ ከቀጠሮው በፊት ሐኪሙን ማነጋገርና ታካሚው ራሱ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ እንዲጠይቀው ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ክልከላው «የግፊት፣ ነጯ ክኒን» የሚለው መግለጫ ነው። መድኃኒቱን ከነካርቶኑ አምጡ፤ የንግድ ስሙ ከአገር አገር ስለሚለያይ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገርና ሚሊግራሙ ነው የሚፈለገው። የፎቶ ምርመራዎችን በወረቀት ብቻ ሳይሆን በሲዲ ያዙ። ሞርፊንና የመሳሰሉትን ጠንካራ ማስታገሻዎች ይዞ ለመግባት አስቀድሞ ከታይላንድ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ኤርፖርት ላይ ማስረዳት አይሠራም። ሆስፒታል ስትመዘገቡ ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ሆሄ በሆሄ ይጻፍ። የሚሰጣችሁን «ኤች ኤን» የተባለ የካርድ ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወሰድ በስም ብቻ ሲፈለግ ሰው ይምታታል።

የቀን ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ታይላንድ ዓመቱን የምትቆጥረው በቡድሃ ዘመን ነው፤ በፈረንጁ ላይ 543 ይደመራል። የቀጠሮ ወረቀት ላይ 15/3/2569 ካያችሁ ማርች 15 ቀን 2026 ነው፣ በእኛ መጋቢት 6 ቀን 2018። መድኃኒት ላይ «69» ብቻ ከተጻፈም የሚያበቃበት ዓመት ያው ነው። ሰዓቱማ ያስቃል፦ ታይላንዶችም በንግግር ከማታ 1 ሰዓት ጀምረው እንደኛ ይቆጥራሉ፤ «ኑንግ ቱም» ማለት በትክክል የእኛው ማታ 1 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ግን «ባይ ሳም» ቢሏችሁ የእኛ 9 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ዘመድ መስሎን ስንዝናና ቀጠሮ ያልፋል። አስተርጓሚው ሁልጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ያስጽፋል፤ እናንተም አስጽፉ።

ክፍያን በተመለከተ ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና በፊት የወጪ ግምት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ምን እንደማያካትትም ጠይቁ። የግል ሆስፒታል መድኃኒት ከውጭው ይወደዳል፤ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ የሐኪም ትእዛዙን ብቻ ተቀብሎ ውጭ መግዛት ይቻላል፤ ማንም አይቀየምም።

አሁን ወደ ምግቡ። ሰፈሩ «ፓ» ይላቸዋል፤ አክስት ማለት ነው፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። የሚሸጡት «ጄ» የሚባለውን ምግብ ነው። ቢጫ ባንዲራ ላይ 17 ቁጥርን የሚመስል ቀይ ጽሑፍ ካያችሁ እሱ ነው። ጄ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፤ ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ የለም። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትም አይገባበትም፤ በቁሌት የተሠራ ወጥ ለምናውቅ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ባዶ ባዶ ይላል። «ማንግሳዊራት» የሚለው ሌላ ነው፤ እሱ እንቁላልና ወተት ሊኖርበት ይችላል። ከጄ ቤት ውጭ «አትክልት ብቻ» ብሎ ማዘዝ አያስተማምንም። ጎመኑ ኦይስተር ከሚባል የባሕር እንስሳ በሚሠራ ሶስ ይጠበሳል፣ የቃሪያ ድልሁ ውስጥ የሽሪምፕ ድቁስ አለ፣ የፓፓያው ሰላጣ ናም ፕላ የሚባል የዓሣ ጭማቂ ይፈስበታል፣ የኑድሉ ሾርባ ብዙ ጊዜ የአሳማ አጥንት የተቀቀለበት ነው። ሥጋውን መልቀም ሾርባውን አይለውጠውም። አሳማ «ሙ» ነው፤ «ማይ ሳይ ሙ» ማለት አሳማ አታስገቡ ነው። ዶሮ «ጋይ»፣ እንቁላል «ካይ» ነው፤ ሁለቱን ለይቶ መጥራት ለእኛ ምላስ አይከብድም። ለሙስሊም ወገኖች ሶይ 3 እና አካባቢው የሐላል ምልክት ያላቸው ምግብ ቤቶች ሞልተውበታል።

ፓ የሚከለክሉት ምንድን ነው? ከትሪያቸው የጠቆማችሁትን ሁሉ አይጨልፉላችሁም። ስንዴ የማይስማማው ሰው ከሆነ ሥጋ የሚመስለውን ነገር ይከለክሉታል፤ ከስንዴ ፕሮቲን የተሠራ ነው። ግፊት አለብኝ ያለውን ከአኩሪ አተር ሶሱ ያርቁታል። ዋናው ግን ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ገዝቶ በፌስታል አንጠልጥሎ ሊውል ሲል ሩዙን አይሸጡለትም። በባንኮክ ሙቀት ለሰዓታት የዋለ የበሰለ ሩዝ ድጋሚ ቢሞቅም የማይጠፋ መርዝ ያፈራል። ማቀዝቀዣ ካላችሁ ወዲያው አስገቡት፤ ከሌላችሁ 9 ሰዓት ላይ ትኩስ የሚጠበስበት ጄ ቤት ፈልጉ። የእሳቸው ትሪ እኩለ ቀን አልፎ ብዙም አይቆይም።

ከቀዶ ሕክምና ለወጣ ሰው አጥሚትን የሚተካው «ጆክ» የሚባለው የሩዝ ገንፎ ነው። መንገድ ላይ የሚሸጠው በአሳማ መረቅ ይሠራል፤ የጄውን ከፓ አስቀድማችሁ እዘዙ። የስኳር ሕመምተኛ መጠጥ ሲያዝ «ማይ ዋን»፣ ማለትም «አይጣፍጥ»፣ ይበል፤ ካላለ ሻዩ ሽሮፕ ነው። በረዶው መሐሉ ቀዳዳ ያለው ድብልብል ከሆነ ከፋብሪካ የመጣ ነው፤ ብዙም አያሰጋም። ጥሬ ሥጋ ለናፈቀው ደግሞ፣ «ላፕ ዲፕ» የሚባለው የተከተፈ ጥሬ ሥጋ ክትፎን ቢመስልም ተዉት። ጥሬ አሳማ መስማት የሚያሳጣ ማጅራት ገትር ያመጣል፤ የሰሜን ምሥራቁ ጥሬ የወንዝ ዓሣ ደግሞ የሐሞት ቱቦ ካንሰር የሚያስከትል የጉበት ትል አለው። በእጅ መብላት የናፈቀው ሰው ካው ኒያውን ይዘዝ፤ የሚጣበቅ ሩዝ ነው፣ በጣት ተጠቅልሎ ይጠቀሳል፣ ለጉርሻም ይመቻል።

ፓ ጋ ስትሄዱ የ1,000 ባት ኖት አትዘርጉላቸው፤ በጠዋት መልስ አይኖራቸውም። ለጥፈው የምታዩት የክፍያ ኮድ በአብዛኛው ለአገሩ ባንክ ደንበኛ ነው። ቀድማችሁ ሴቨን ኢሌቨን ከሚባለው ሱቅ ውኃ ገዝታችሁ ዘርዝሩ፤ የራሳችሁን ምሳ ዕቃ ከያዛችሁ ደግሞ አንድ ጭልፋ ይጨምሩላችኋል።