ቱርቦ የተገጠመለት ዋን ኤች ዜድ፦ የብሎኩ ሥራ ከወራት በኋላ

ላንድ ክሩዘሬ የያዘው ሞተር ዋን ኤች ዜድ ነው፤ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ከፋብሪካ ያለ ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የወጣ፤ ቱርቦውን በኋላ ነው የገጠምኩለት። ስለ ቱርቦው የሚያወራ ሞልቷል። እኔ የማወራው ከሥሩ ስላለው ብሎክ፣ ሲሊንደሮቹን ስለያዘው ዋናው የሞተር አካል ነው፤ ገንዘቤን የበላውም፣ እስካሁን ያላሳፈረኝም እሱ ነው።

ያሠራሁት ድሬዳዋ፣ አንድ ቶርኖ ቤት ነው። ባለሙያው ምድር ባቡር ጋራዥ ያደጉ አንጋፋ ሰው ናቸው። "ፒስተኑን ሳታመጣ ብሎኩን አልነካም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በአንድ ካርቶን የመጣ ፒስተን ሁሉ እኩል አይደለም። እያንዳንዱን በማይክሮሜትር ለክተው፣ ቁጥር ጽፈውበት፣ ሲሊንደሩን በየፒስተኑ ልክ አሰፉት። 94 ሚሊሜትር የነበረው 94.5 ሆነ። በፒስተኑና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ትንሽ ለቀቅ አድርገውታል፤ ቱርቦ ያለበት ፒስተን ይበልጥ ይግላል፣ ይበልጥም ያብጣል። ጠዋት ሲነሳ ለስለስ ያለ ኳኳታ አለው፤ ሲሞቅ ይጠፋል።

ሰው ገንዘቡን የሚሰስተው ሆኒንግ ላይ፣ ማለትም የሰፋውን ሲሊንደር ግድግዳ በድንጋይ ማስተካከል ላይ ነው። የቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ብሎን ሲጠብቅ ሲሊንደሩ በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ይጣመማል፤ ለብቻው ሲለካ ክብ የነበረው ሲገጠም ክብ አይሆንም። መድኃኒቱ በቴስታታው ቦታ ወፍራም የብረት ሳህን ከነጓርኒሲዮኑ (ከነማሸጊያው) አስሮ፣ ብሎኑን በሙሉ ልኩ አጥብቆ፣ ከዚያ ድንጋዩን ማስገባት ነው። ሳህኑን በትዕዛዝ አሠራሁት። ዋጋው ያስደነግጣል። ግን ይኸው፣ በሁለት ዘይት ቅያሪ መሃል ዘይት ጨምሬ አላውቅም፤ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍትም የረባ ጭስ አይወጣም።

ቅሬታ አለኝ፤ ብሎኩ ሲመለስልኝ አልታጠበም ነበር። የሆኒንግ ብናኝ በቤንዚን አይለቅም፤ ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ይፈልጋል። ነጭ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ራሳችን አጠብነው፣ ወዲያው ዘይት ቀባነው። ይህን የዘለለ ሰው አዲሱን ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) በገዛ እጁ ሞረደው ማለት ነው።

የድሬ ውሃ ደግሞ ኖራ አለበት፤ የማንቆርቆሪያችሁን ሆድ እዩ። በብሎኩ የውሃ መተላለፊያ ውስጥ፣ በተለይ በስተኋላ በኩል፣ ድንጋይ የሆነ ኖራ ነበር። ሳይጸዳ ቱርቦ መግጠም ከንቱ ነው። አሁን የምሞላው ኩላንትና የተጣራ ውሃ ብቻ ነው።

ፈተናው ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ነው። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ከ2,000 በላይ ትወጣላችሁ፣ መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። ድሮ ጭኜ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣውን አሁን በሦስተኛ ይወጣዋል፤ የውሃው ሙቀት ጌጅም ከመሃል አይነቃነቅም። የጭስ ሙቀት መለኪያ ከቱርቦው በፊት አስገጥሜያለሁ፤ 650 ዲግሪ ሲጠጋ እግሬን አነሳለሁ።

ከ0.7 ባር የቱርቦ ግፊት በላይ ግን አልሄድም። ይህ ሞተር ፒስተኑን ከሥር ዘይት እየረጨ የሚያቀዘቅዝ ቀዳዳ የለውም፤ መጭመቂያ ሬሾውም (አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ) ከ22 በላይ ነው። ብሎኩ ቢችልም ቴስታታው ቀድሞ ይሰነጠቃል። ብዙ የፈረስ ጉልበት የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ዋን ኤች ዲ ቲ የተባለውን ሞተር ይፈልግ፤ እሱ ከፋብሪካው ለቱርቦ የተሠራ ነው፣ ዘይት መርጫም አለው፣ ሬሾው 18.6 ነው።

ሳህኑን ለቶርኖ ቤቱ ትቼላቸዋለሁ። ዋን ኤች ዜድ የምታሠሩ ሌላ ሳህን ከማሠራታችሁ በፊት ጠይቋቸው።