ያማሃ ኤክስ ቲ ዜድ 125 ወይስ ሆንዳ ኤክስ አር 150 ኤል? ለአስፋልቱም ለዋልካውም የሚሆን ሞተር ሳይክል

ጠዋት በአስፋልትና በኮብል ስቶን ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከሰዓት ከወረዳው ከተማ ወጥቶ በጠጠር መንገድ ወደ ቀበሌ፣ ከዚያም መኪና በማይገባበት የእርሻ ዳር። የግብርና ባለሙያው፣ የክትባት ቡድኑ፣ የመስኖ መሐንዲሱ የሚነዱት ሞተር ሳይክል ውሎው ይኸው ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ሰው ሁሉ «ክሮስ» ይለዋል፤ ስሙ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። የውድድሩ ክሮስ መብራትም ፍሬቻም የለውም፣ ሰሌዳም አያወጣም። ለሥራ የሚፈለገው መብራቱና መስታወቱ ተሟልቶ፣ ጎማው፣ አሞርዛተሩና ቁመቱ ግን ለኮረኮንች የተሠራው ነው። ከእነዚህ መካከል ቀላልና ማንኛውም መካኒክ ፈትቶ ሊገጥማቸው የሚችሉ ሁለት አሉ፤ ያማሃ ኤክስ ቲ ዜድ 125 እና ሆንዳ ኤክስ አር 150 ኤል።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ከሳምንቱ ጉዞ አብዛኛው ጭቃ፣ ድንጋይና የእግር መንገድ ከሆነ ያማሃው ይሻላል። አብዛኛው አስፋልትና ደህና ጠጠር ከሆነ፣ በተለይ ሰው የሚያፈናጥጡ ከሆነ፣ ሆንዳውን ይግዙ። ልዩነቱን የሚያመጣው ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት የሲሲ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እዚህ የምናነጻጽረው የካርቡሬተር ዓይነቶቹን ነው። ሁለቱም በአየር የሚቀዘቅዙ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ስትሮክና ባለ 5 ማርሽ ናቸው። የሚፈስ ራዲያተር የለም፣ የሚበላሽ ኮምፒውተርም የለም። የኤንጂን ዘይታቸው በአንድ ቅያሪ አንድ ሊትር ገደማ ነው። የፊት ፍሬናቸው ዲስክ፣ የኋላው ባለ ሸራ ነው። ያማሃው ነዳጁን ሞልቶ 118 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ሆንዳው 129 ገደማ ይመዝናል። አስፋልት ላይ ይህ 11 ኪሎ ልዩነት አይታወቅም። ሞተሩ ቦይ ውስጥ ሲገባ ወይም ዳገት ላይ ሲወድቅና ብቻዎን ሆነው ሊያነሡት ሲሞክሩ ግን እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል።

ዋናው ልዩነት ጎማው ላይ ነው። ያማሃው ከፊት 21 ኢንች (80/90-21)፣ ከኋላ 18 ኢንች (110/80-18) ነው። ሆንዳው ከፊት 19 (90/90-19)፣ ከኋላ 17 (110/90-17) ነው። ትልቅ የፊት ጎማ ድንጋይን ወይም ጉድጓድን የሚያገኘው በተኛ ማዕዘን ስለሆነ ከመጋጨት ይልቅ ይወጣዋል። ባለ 21 ኢንቹ የላላ ድንጋይ በሞላበት ወንዝ ውስጥ መሪው ከእጅ ሳይነጠቅ ያልፋል። ባለ 19ኙ ደግሞ ከተማ ውስጥ ሲታጠፉ ቀልጠፍ ይላል፣ ሰፋ ስለሚልም እርጥብ አስፋልት ላይ የተሻለ ይይዛል። የገጠሩ ሥራ ከባድ ከሆነ በዚህ ነጥብ አይደራደሩ፤ አሞርዛተር ሊስተካከል ይችላል፣ ቸርኬ መቀየር ግን ሌላ ወጪ ነው።

የውስጥ ጎማን በተመለከተ አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። ሁለት መለዋወጫ መያዝ ካልተቻለ የፊቱን፣ ማለትም ባለ 21 ኢንቹን ብቻ ይያዙ። ባለ 21 ኢንቹ በግድ ወደ 18 ይገባል፤ ትንሽ ቢታጠፍም ጎሚስታ እስኪገኝ ያደርሳል። ባለ 18ቱን ወደ 21 መሳብ ግን ያሳሳዋል። በሆንዳውም ያው ነው፤ የፊቱ ለኋላም ይሆናል።

ነፋሱን በአስፋልት ከፊት ከ22 እስከ 25፣ ከኋላ ከ25 እስከ 29 ፒኤስአይ ማድረግ ይበቃል፤ የተፈናጠጠ ሰው ካለ ላይኛውን ቁጥር ይያዙ። ለረጅም ጭቃ ወይም ለላላ ጠጠር ወደ 18 ገደማ ማውረድ አያያዙን በግልጽ ይለውጠዋል። ከ15 በታች ግን አይውረዱ። ድንጋይ ሲመታ የውስጥ ጎማው በቸርኬና በድንጋይ መካከል ተቆንጥጦ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ያወጣል፤ ጎማውም ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ የነፋስ መሙያውን ከሥሩ ይቆርጠዋል። ስለዚህ በመሙያው ግንድ ላይ ያለችውን ትንሽ ዳዶ ቸርኬው ላይ አያጥብቋት፤ ወደ ላይ፣ ከቆቡ ሥር ትሁን። ጠዋት ሲያዩት መሙያው ዘሞ ከቆመ ጎማው መንሸራተት ጀምሯል ማለት ነው። ነፋሱን አስተንፍሰው ያቃኑት።

ደጋው ላይ ክረምት ያሳለፈ ዋልካን ያውቀዋል። ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ጎማው ላይ ይጠመጠማል፤ ፓራፋንጎው ለጎማው የተጠጋ የመንገድ ሞተር ከሆነ ጭቃው መካከል ገብቶ ይደርቅና የፊት ጎማውን ጨርሶ ያቆመዋል። የሁለቱም የፊት ፓራፋንጎ ከጎማው ራቅ ብሎ ከፍ ያለው ለዚህ ነው። ውበት መስሏቸው ዝቅ ወዳለ የሚቀይሩ አሉ፤ እባክዎ አያድርጉት። የኋላው ጎማ ግን ከአሞርዛተሩ ፊት ለፊት አሁንም ይሞላል፣ አንዲት ጠንካራ እንጨት አብራችሁ ትኑር። ሌላው የዋልካ ጉዳት የሚታየው ዘግይቶ ነው። በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል የደረቀ ጭቃ አየር ስለሚዘጋ ኤንጂኑ ይግላል። ሲያጥቡ ውኃውን መጀመሪያ እዚያ ያድርሱ፤ ኤንጂኑ ግን ቀዝቅዞ ይሁን። የኋላ ፍሬኑ ከበሮ ውስጥ የገባ ጭቃም ሸራውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በክረምት በወር አንድ ጊዜ ፈትቶ ማጽዳት የሸራውን ዕድሜ በእጅጉ ያረዝመዋል።

ከፍታውን ብዙ ገዢ ይረሳዋል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ጉልበቱም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ፋብሪካው በወረቀት ላይ ከጻፈው አንድ አራተኛውን ቀንሰው ያስቡት። 125 ሲሲው ሰው አፈናጦ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ የሚለፋው በዚህ ምክንያት ነው፤ የ150ው ብልጫም እዚህ በእርግጥ ይሰማል። ካርቡሬተሩ ደግሞ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ከመጣ ደጋ ላይ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ምልክቱ የካንዴላው ጫፍ በደረቅ ጥቀርሻ መጥቆሩ፣ ነዳጅ መብላቱና ነዳጅ መስጫውን በሙሉ ሲከፍቱ መታፈኑ ነው። መፍትሔው በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ዋናዋን ጄት በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ያነሰች ማድረግ ነው። ከዚያ ካንዴላው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቀለም ይይዛል። ሥራዎ ከደጋ ወደ ቆላ የሚያመላልስዎ ከሆነ ግን በጣም አያሳንሷት። ቆላ ሲወርዱ ቤንዚኑ ያንስና ኤንጂኑ ከመጠን በላይ ይግላል።

ዳገት ለሚበዛበት ሌላው ርካሽ መድኃኒት የፊቷን ትንሿን ጥርስ፣ ፒኞኗን፣ በአንድ ጥርስ ማሳነስ ነው። ከ15 ወደ 14 ቢወርድ ማርሹ በሙሉ 7 በመቶ ገደማ ያጥራል። መነሻው ይቀልላል፣ አስፋልት ላይ ግን በ80 ሲሄዱ ኤንጂኑ ይጮኻል። ፒኞን ሲቀየር የኋላው ትልቁ ጥርስ (ኮረናው) እና ካቴናው አብረው ይታዩ፤ ባረጀ ካቴና ላይ አዲስ ጥርስ መግጠም አዲሱን በአጭር ጊዜ ያሾለዋል።

ካቴናው ራሱ ከመንገድ ሞተር ላላ ብሎ መታሰር አለበት። የእነዚህ የኋላ አሞርዛተር ብዙ ስለሚወርድ ቆሞ ሲታይ ልክ የመሰለው፣ ሰው ሲቀመጥበትና ጉድጓድ ሲመታ ይወጠራል። መለኪያው ይህ ነው፦ ሰው ተቀምጦ አሞርዛተሩን ያውርድ፤ ፒኞኗ፣ የሹካው (የኋላ ጎማውን የሚይዘው ክንድ) መታጠፊያና የኋላ ጎማው መሐል በአንድ መስመር ሲውሉ ካቴናው አሁንም በጣት ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደውን ጎማ) ይበላል። የዚህ ጥገና ደግሞ ኤንጂን ማውረድ ነው። ለአቧራ ጊዜ ዘይቱን አያብዙት፤ ቀብተው ትርፉን በጨርቅ ይጥረጉ።

በባሌና በአፋር ዓይነት አቧራ ውስጥ ከዘይት ይልቅ የአየር ማጣሪያ ይቀድማል። በማጣሪያው ያለፈ አቧራ የፒስተኑን ፋሻዎች ይሞርዳል፤ ከዚያ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል። ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ ያጥቡት፣ ሳይጠመዝዙ ይጭመቁት፣ በሳሙና ደግመው ጥላ ውስጥ ያድርቁት፤ በመጨረሻ ዘይት አጠጥተው ትርፉን ጭመቁ። ዘይት ያልነካው ስፖንጅ ለአቧራ ክፍት በር ነው። በቤንዚን ማጠብ ማጣበቂያውን ይፈታዋል። ዘይት የጠጣ የወረቀት ማጣሪያ ከሆነ ግን አይታጠብም፣ በመጭመቂያ አየርም አይነፋም፤ ይቀየራል።

ዘይቱን በአቧራና በጭነት ለሚሠራ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ብክነት አይደለም። ዕቃው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» (JASO MA፣ የሞተር ሳይክል ዘይት ምልክት) የሚል ይፈልጉ። የእነዚህ ፍሪሲዮን በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚዞር፣ ለመኪና ተብሎ ማንሸራተቻ ቅመም የገባበት ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ ኤንጂኑ ይጮኻል፣ ሞተሩ ግን አይሄድም። ብዙ ጊዜ የፍሪሲዮን ሸራ ተቀይሮም የማይድነው ለዚህ ነው።

የመቀመጫው ቁመት ያማሃው 840፣ ሆንዳው 825 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሲቀመጡ አሞርዛተሩ ስለሚወርድ ሁለቱም ከቁጥሩ ዝቅ ይላሉ። የሁለቱም እግር ፊተኛ ክፍል መሬት ከነካ ይበቃል፤ ለማሳጠር ብሎ አሞርዛተር ማስቆረጥ አያያዙን ያበላሻል፣ ከመቀመጫው ስፖንጅ መቀነስ ይሻላል። የነዳጅ ቋቱ ያማሃው 10 ሊትር ተኩል፣ ሆንዳው 12 ሊትር ገደማ ይይዛል። በሊትር 35 ኪሎ ሜትር ቢያስቡ ማደያ ለሌለበት ወረዳ የሆንዳው ብልጫ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ከእነዚህ ሌላ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ የሚታዩትን እናንሣ። ያማሃ ዲቲ 125 ቀላልና ፈጣን ነው፤ ሁለት ስትሮክ ስለሆነ ግን በረጅም ቁልቁለት ኤንጂኑ ፍጥነቱን አይዝም ማለት ይቻላል። የዘይት ፓምፑም ከነዳጅ መስጫው ጋር ስለተያያዘ፣ ተዘግቶ ብዙ ሲወርድ ዘይት ያንሰዋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ዓይነት ቁልቁለት ላይ በየጊዜው ትንሽ ነዳጅ መስጠት የግድ ነው። ያማሃ ኤጂ 200 ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን የተዘጋ፣ በሁለቱም ጎን ማቆሚያ ያለው፣ ከፊትም ከኋላም የሚጭን ነው፤ ለጭነትና ለጭቃ ከሁለቱም ይበልጣል፣ ፍሬኑ ግን ከፊትም ባለ ሸራ ነው። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ሆነው ለፈጣን መንገድ የሚፈልጉ ደግሞ 150 አይበቃቸውም። እዚያ ሆንዳ ሲ አር ኤፍ 300 ኤል (286 ሲሲ፣ ባለ 6 ማርሽ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ) ተገቢው ነው፤ መቀመጫው 880 ሚሊ ሜትር፣ ቋቱ 7.8 ሊትር ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከሁሉ በፊት የሚጣራ ነገር አለ። ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በከተማዋ ያለ ፈቃድ ሞተር ሳይክል መንዳት ተገድቧል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ለእርስዎ ሥራ ፈቃድ የሚሰጥ መሆኑን ከትራንስፖርት ቢሮው ይጠይቁ።

ያገለገለ ከጨረታ የሚገዙ ከሆነ ኤንጂኑ ቀዝቃዛ እያለ ይድረሱ፤ አሙቀው ከጠበቁዎት የማስነሳት ችግር ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ሲነሣ የሚታይ ነጭ ጭስ ቶሎ ከጠፋ እርጥበት ነው፤ ነዳጅ ሲሰጡ የሚቀጥል ሰማያዊ ከሆነ ፋሻ ወይም የቫልቮላ ፓራኦሊዮ ነው። የፊት ጎማውን አንሥተው መሪውን በቀስታ ያዙሩት፤ መሐል ላይ «ጠቅ» ብሎ የሚቆም ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። የኋላ ጎማውን ወደ ጎን ሲገፉ ሹካው ከተንቀሳቀሰ ቡሽው አልቋል። የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በብረት መታ መታ ያድርጉ፤ የላላው ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ከዕቃ መጫኛው ሥር ፍሬሙ የተበየደበትን ቦታ ጭቃውን ጠርገው ይመልከቱ፣ ከባድ ጭነት የሚሰነጥቀው እዚያ ነው። በመጨረሻ በመሪው አንገት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥርና የኤንጂኑን ቁጥር ከሊብሬው ጋር በእጅዎ ይዘው ያመሳክሩ፤ አንድ ቁጥር እንኳ ከተፋቀ ወይም ካልገጠመ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።